«ህንጻ ነው የገደላቸው» ወይስ ምድር? በ2023 ርዕደ መሬቶች ላይ የተነሳ ክርክር

ጎርናና፦
እባካችሁ ያንን ቪዲዮ መላክ አቁሙ። ሰውየው ጠረጴዛ እየደበደበ «2023 ምድር ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ የተናወጠችበት ዓመት ነው» ይላል። ከጀርባው የቱርክ ፍርስራሽ፣ የሞሮኮ ፍርስራሽ፣ የአፍጋኒስታኗ ሄራት ፍርስራሽ፣ ከዚያ የሚያስፈራራ ሙዚቃ። ታይቶ አይታወቅም ያለው ማን ነው? 2010ን ረሳነው እንዴ? መጠናቸው 7 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 23 ርዕደ መሬቶች በአንድ ዓመት! የረጅም ጊዜ አማካዩ በዓመት 16 ገደማ ነው። በ1989 ደግሞ 6 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2023 መጠኑ 8 የደረሰ አንድም የለም። በ2021 ግን ሦስት ነበሩ። ከርማዴክ ደሴቶች፣ አላስካ፣ ሳውዝ ሳንድዊች ደሴቶች። ማን ያስታውሳቸዋል? ማንም። ሰው የሌለበት ቦታ ስለተነሱ የገደሉት ሰው የለማ። ስለዚህ በ2023 ምድር የተለየ ነገር አላደረገችም። ህንጻ ነው የገደላቸው።

ማራናታ፦
ጎርናና ወንድሜ፣ አንተ ስትቆጥር ሰው አለቀ እኮ። በቱርክ ብቻ ከ53,000 በላይ። በሶሪያ ሌላ ሺዎች። ሞሮኮ ወደ 3,000። አፍጋኒስታን በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ 6.3። ኔፓል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ቻይና፣ ጋንሱ፣ ያውም በዚያ ብርድ፣ በሌሊት። አንተ ግን «አማካዩ 16 ነው» ትላለህ። የምድር መናወጥ በልዩ ልዩ ስፍራ ይሆናል ተብሎ ተጽፏል። ማንበብ ያልፈለገ አያንብብ።

ሲሚንቶ፦
የተጻፈውን ካነሳህ አይቀር እዚያው ምዕራፍ ላይ መጨረሻው ገና ነው የሚለውንም አብረህ አንብብ። እሱን ለምን ትዘለዋለህ?

እሱን ትቼ ወደ ሙያዬ ልግባ። ጎርናና ልክ ነው። የቱርኩን ፎቶ ያየ መሐንዲስ ሁሉ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ሶሌታ (የፎቁ ወለል) በሶሌታ ላይ ተነባብሮ። ኮለኑ ተሰብሮ ፎቁ ሁሉ እንዳለ ወርዷል። በቆዩት ህንጻዎች ውስጥ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ፌሮ ነው ያለው፣ ኮንክሪቱን አይነክስም። ስታፋው (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ተራርቆ ታስሯል። ምድር ቤቱን ሰፊ ሱቅ ለማድረግ ኮለን የቆረጡም ነበሩ። በዚህ ላይ መጀመሪያ ሌሊት 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ 7.8 መታው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ 7.5 ደገመው። በመጀመሪያው የተሰነጠቀው በሁለተኛው ወረደ።

ቀስተ ደመና፦
«ህንጻ ነው የገደላቸው»። ይቺ አባባል ስትደጋገም ደስ ትላለች፣ ብልህ ታስመስላለች። ግን ህንጻ በራሱ ከመሬት አይበቅልም። በሞሮኮ ሃይ አትላስ ተራራ ላይ ጭቃና ድንጋይ ክቦ ቤት የሠራ ገበሬ ሌላ አማራጭ ነበረው? ፌሮ በበቅሎ ይጫንለት? «ህንጻ ገደላቸው» ማለት በጨዋ ቋንቋ «የራሳቸው ቤት ገደላቸው» ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ ለምን እዚያ ኖሩ» ነው። ሰምቼዋለሁ።

ጎርናና፦
እኔ መች ለምን ኖሩ አልኩ? ያላልኩትን አታስብዪኝ።

ቀስተ ደመና፦
አላልክም። መንገዱን ግን ጠርገህለታል።

ማራናታ፦
እኔ ግን ይቺን «ህንጻ ነው» አልለቃትም። በ2004 በህንድ ውቅያኖስ 9.1 ሆኖ ሲነሳ ከ220,000 በላይ ሰው የሞተው በህንጻ ነው? በውሃ ነው። በምን ፌሮ ልታስረው ነው ሲሚንቶ? ሱናሚውን በስታፋ?

ሲሚንቶ፦
ያኔ በህንድ ውቅያኖስ ላይ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ስርዓት አልነበረም። ፓሲፊክ ላይ ከ1949 ጀምሮ አለ። ውሃው ስሪላንካ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። በሁለት ሰዓት ሰው በእግሩ ሄዶ ይተርፋል፣ የሚነግረው ካለ። ስለዚህ እሱም የሰው ስራ ነው፣ አልተሠራም እንጂ።

ማራናታ፦
አየህ፣ አሁን ደግሞ ህንጻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ሆነ። ነገ ሌላ ትላለህ። ፈጣሪን ላለማንሳት የማታነሱት ነገር የለም።

ጎርናና፦
ቺሊን ተመልከት ማራናታ። 2010፣ ፌብሩዋሪ 27፣ 8.8። የሞተው ሰው 525፣ ከዚያም ውስጥ ከ150 በላይ የሚሆነው በሱናሚ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 12 ሄይቲ ላይ 7.0። መንግሥታቸው 316,000 ሞተ አለ፤ በብዙ ያነሰ የሚሉ ጥናቶችም አሉ፣ በትንሹም ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነው። የቺሊው በጉልበት የሄይቲውን 500 ጊዜ ገደማ ያጥፈዋል። ምድር ናት የገደለችው ካልክ፣ ምድር ለቺሊ ታደላለች ማለት ነው?

ሌሊት ወፍ፦
እኔ የሚገርመኝ ማንም ስለ ሆላንዳዊው ሰውዬ አለማንሳቱ ነው። ቱርክ ከመናወጧ ሦስት ቀን በፊት ትዊተር ላይ ጽፎ ነበር እኮ። ቦታውን ከነካርታው፣ መጠኑን 7.5 ብሎ። ፕላኔቶች ሲሰለፉ መሬት ትጎተታለች ይላል። ሳይንቲስቶቻችሁ ግን ሳቁበት። ከዚያ ምን ሆነ? ዝም።

ሲሚንቶ፦
ሰውየው የጻፈውን መልሰህ አንብበው። «ፈጠነም ዘገየም» ነው የሚለው። በዚያ አካባቢ ፈጠነም ዘገየም 7.5 ይመጣል። ይሄንን እኔም እነግርሃለሁ፣ ካርታ ያየ ሁሉ ይነግርሃል፣ የምስራቅ አናቶሊያ ስንጥቅ (የምድር ቅርፊት የተሰበረበት መስመር) እዚያው ነው ያለው። ትንበያ ማለት ቦታ፣ መጠንና ጊዜ ሦስቱም ሲገኙ ነው። «ፈጠነም ዘገየም» ጊዜ አይደለም።

ሌሊት ወፍ፦
ሦስት ቀን ቀድሞ ግን ተናገረ። ይሄንን ልትክደው አትችልም።

ሲሚንቶ፦
ሰውየው ስንት ጊዜ ጽፎ ስንቱ ቀረ? የቀረውን ማን ስክሪንሾት ያነሳል?

ዝም አልልም፦
😂 ፈጠነም ዘገየም ቡድኔም ዋንጫ ያነሳል።

ሌሊት ወፍ፦
ሳቁ። ቻይናዎች በ1975 ሃይቼንግን ቀድመው አላስለቀቁም? ይቻላል ማለት ነው። እናንተ «አይቻልም» የምትሉት ስለሚደብቁን ነው። ሃርፕ የሚባለውን፣ አላስካ ያለውን የአሜሪካኖች ምርምር ጣቢያ፣ መሬት ያናውጣል የሚሉትን፣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

መምህሩ፦
ልጆች፣ ሃይቼንግ እውነት ነው። ግን እዚያ ዋናው ከመምጣቱ በፊት ብዙ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ነበሩ፣ ሰዉም ፈርቶ መውጣት ጀምሮ ነበር። በዓመቱ፣ በ1976፣ እዚያው ቻይና ታንግሻን ላይ ምንም ሳይነገር በሌሊት መጣ። በመንግሥት ቁጥር 242,000 ሰው ሞተ። ሃይቼንግን የሚጠራ ታንግሻንንም ይጥራ። አንድ የተሳካለትን ብቻ ይዞ መሄድ መንገድ ያስታል።

ሌሊት ወፍ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ሃርፑ ግን አልመለሱልኝም።

መምህሩ፦
አልመልስልህም።

ቀስተ ደመና፦
ጋሼ 😂❤️

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ጎርናና ቺሊና ሄይቲን አመጣህ፣ እሺ። ቺሊ በ1960 የ9.5ቱን ከቀመሰች በኋላ የግንባታ ህጓን እያጠበቀች መጣች፣ ህንጻው ችግር ቢያወጣ ለዓመታት የሚጠየቅ ባለቤት አለ። ሄይቲ ያኔ አገር አቀፍ የግንባታ ደንብ እንኳን አልነበራትም። ደንብ ያለው አገር፣ ገንዘብ ያለው አገር፣ ፍርድ ቤት ያለው አገር ነው የተረፈው። ይሄ እኮ የሲሚንቶ ጉዳይ አይደለም (ስሙን ማለቴ አይደለም)። የመንግሥት ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ህንጻ ነው የገደላቸው» አትበል። «ፈቃድ የፈረመው ነው የገደላቸው» በል፣ ከደፈርክ።

ጎርናና፦
እደፍራለሁ። ቱርክ ከ1999ኙ የኢዝሚት አደጋ በኋላ፣ ከ17,000 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ፣ ጥሩ ህግ ነበራት። የመሬት መንቀጥቀጥ ግብርም ትሰበስብ ነበር። ከዚያ በ2018 ከምርጫ በፊት ደንብ የጣሱ ህንጻዎች ገንዘብ ከፍለው ህጋዊ እንዲሆኑ ምህረት ወጣ። ሚሊዮኖች አመለከቱ። ይኸው፣ ተናገርኩ። አሁን ደስ አለሽ?

ቀስተ ደመና፦
ደስ የሚለው ነገር የት አለ? ግን አሁን ከአንተ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ማራናታ፦
ግንበኛው ሌባ፣ ሹሙ ሌባ፣ ደህና። በቱርኳ አንታኪያ በ2013 ገደማ የተሠራው ባለ 12 ፎቅ የሀብታም መኖሪያስ? አዲስ ነው፣ ውድ ነው፣ ደንቡ ከወጣ በኋላ ነው። እንዳለ ተጋደመ። ገንቢው አየር ማረፊያ ላይ ሲሄድ ተያዘ። ህግም ገንዘብም ባለበት ወደቀ እኮ። እና ምን ልትሉ ነው?

ሲሚንቶ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ አፈሩ ነው። አንታኪያ የተቀመጠችው በወንዝ ደለል ላይ ነው። ለስላሳ አፈር ንዝረቱን ያጎላዋል፣ ረጅም ህንጻ ላይ ደግሞ ይብሳል። ለዚያ አፈር የሚሆን መሠረት ካልተሠራ ቀለሙ ቢያምር፣ መዋኛ ቢኖረው ዋጋ የለውም። ስለ ህንጻ ስናወራ ከመሬቱ ጋር ነው የምናወራው።

ማራናታ፦
አሁን ደግሞ አፈር! ህንጻ ነው፣ አይ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አይ ፈቃድ ነው፣ አይ አፈር ነው። አፈርን የፈጠረው ማን ነው?

ዝም አልልም፦
ማራናታ ሳላስበው ነጥብ እየሰጠሁህ ነው 😅

ጎርናና፦
ኤርዚንን ላንሳ ታዲያ። አንታኪያ ባለችበት ሃታይ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች ከተማ ናት፣ ጎረቤቶቿ ፈርሰው እሷ ውስጥ አንድ ህንጻ አልወደቀም፣ የሞተም የለም። ከንቲባው ህገ ወጥ ግንባታ አልፈቅድም ብዬ ነበር፣ ዘመድ ሳይቀር ሲቆጣኝ ነበር አለ። አንድ ሰው እምቢ ሲል ምን እንደሚሆን አያችሁ?

ሲሚንቶ፦
ይቅርታ ጎርናና፣ ባንተ በኩል ነኝ ግን ይሄኛው አያስኬድም። የጂኦሎጂ ሰዎች ወዲያው ተናግረዋል፤ ኤርዚን ጠንካራ መሬት ላይ ናት፣ ከተሰነጠቀውም መስመር ራቅ ትላለች። ከንቲባው ጨዋ ሊሆን ይችላል። ግን አንታኪያ ላይ ቢሆን ጨዋነቱ ብቻውን አያተርፈውም ነበር።

ጎርናና፦
አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?

ሲሚንቶ፦
የኮንክሪት።

ቀስተ ደመና፦
ሁላችሁም ስለ ቱርክ ታወራላችሁ፣ ሶሪያን ማን አነሳ? ሰሜን ምዕራብ ሶሪያ ውስጥ ህንጻው በአስር ዓመት ቦምብ የተሰነጠቀ ነበር። እዚያ የተጠለለው ሰው ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። ሲናወጥ የተባበሩት መንግሥታት እርዳታ ማስገባት የሚችለው በአንድ የድንበር በር፣ ከቱርክ በሚያስገባው በባብ አል ሃዋ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው የእርዳታ መኪና የገባው ፌብሩዋሪ 9 ነው። ከፍርስራሽ ስር ሰው በህይወት የሚገኘው በዋናነት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መሆኑን ሲሚንቶ ይንገራችሁ። የድርጅቱ የዚያን ጊዜው የእርዳታ ኃላፊ ማርቲን ግሪፊትስ ራሳቸው ድንበር ላይ ቆመው እንዳልደረሱላቸው አምነዋል። እና እነዚህን «ህንጻ ነው የገደላቸው» ትላላችሁ? የገደላቸው በር ነው። የተዘጋ በር።

ማራናታ፦
እህቴ ይሄ እውነት ነው። በዚህ አልከራከርሽም።

ሌሊት ወፍ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ከጀርባ ሰው አለበት።

ቀስተ ደመና፦
አንተ ያልከው ይሄንን አይደለም። እባክህ ከእኔ ጎን አትቁም።

ሐረግ፦
ቆይቼ ገባሁ። ስለ ሄራት አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው የመጣው ቀን ነው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፎ። ወንዶቹ ውጭ ናቸው። ከሞቱት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ሴቶችና ህጻናት ናቸው ያለው ዩኒሴፍ ነው። ቤት ውስጥ የነበሩት እነሱ ስለሆኑ። የጭቃ ጣሪያ ሲወርድ ክፍተት አይተውም፣ ዱቄት ሆኖ ነው የሚያፍነው። ስለዚህ ህንጻ ነው የምትሉ፣ ማን ውስጡ እንዲቀመጥ እንደተደረገም ጨምሩበት።

ጎርናና፦
ይሄ ደግሞ ወደ ሌላ ርዕስ እየሄደ ነው።

ሐረግ፦
ለአንተ ሌላ ርዕስ ነው። ለሞቱት ያው አንድ ርዕስ ነው።

ዝም አልልም፦
የሄራቱን ቁጥር ግን አትመኑት። መጀመሪያ ከ2,000 በላይ ተባለ፣ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ወደ 1,500 አወረደው። እርዳታ ለማግኘት ቁጥር ይነፋል፣ ያለ ነገር ነው።

ሐረግ፦
ነፉት? መንደሩ እንዳለ ጠፍቶ፣ መዝገብ የሚባል ነገር በሌለበት፣ በመጀመሪያው ሌሊት ማን በትክክል ይቆጥራል? ቱርክ እንኳን ቁጥሩ ሲጨምር ስንት ሳምንት ሄደ። አንተ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ 500 ሰው ስትቀንስ አታፍርም?

ዝም አልልም፦
ሶፋ የለኝም።

መምህሩ፦
በቁጥር አትጣሉ። ኔፓል ጃጃርኮት ላይ 5.7 ብቻ ነበር። 5.7 እኮ በሌላ አገር ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ተመልሶ የሚተኛበት ነው። እዚያ ግን 153 ሰው ሞተ። ዲሴምበር 2 ደግሞ ፊሊፒንስ፣ ሚንዳናኦ ላይ ከ7 በላይ ሆኖ ተነሳ፣ የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለቱ የአንድ ወር ርቀት ናቸው። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ማራናታ፦
ጋሼ የሚንዳናኦው ባህር ውስጥ ነው፣ ጥልቅ ነው። የኔፓሉ ከእግር ስር ነው። እንዲህ ያለውን ማወዳደር እርስዎም ያስተማሩን አይመስለኝም።

መምህሩ፦
እሱስ ልክ ብለሃል። ጥልቀትና ርቀት ይገባበታል። ግን የጭቃውን ቤት አውጣና 153ቱን አስላቸው።

ጎርናና፦
ጃፓንን አንርሳ። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን፣ ጃንዋሪ 1፣ 2024፣ ኖቶ ላይ 7.5። ልክ የቱርኩን ሁለተኛ የሚያክል። እዚያ የሞተው በመቶዎች ነው፣ ቱርክ በአስር ሺዎች። ማስረጃ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሌሊት ወፍ፦
«ጃፓን ጃፓን» ስትሉ ኖራችሁ፣ ያው እሷም ወደቀች። ሱናሚም፣ እሳትም። ዋጂማ ገበያው ሲቃጠል አላያችሁም?

ሲሚንቶ፦
አየን። የወደቁትም በብዛት የ1981ዱ የግንባታ ደንብ ከመውጣቱ በፊት የተሠሩ፣ ከባድ የሸክላ ጣሪያ የተጫነባቸው የቆዩ የእንጨት ቤቶች ናቸው። ነዋሪውም አዛውንት ነው፣ ቤቱን ለማጠናከር ወጪ የሚያወጣ ወጣት እዚያ አልቀረም። ጃፓን ውስጥም ቢሆን አሮጌ ቤት አሮጌ ቤት ነው።

ቀስተ ደመና፦
ሃ! አሁን ራስህ ተናገርከው። ደንቡ አለ፣ አገሩ ሀብታም ነው፣ ግን አቅም የሌለው አዛውንት አሮጌ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ቤቱን ማጠናከሪያ ማን ይክፈልለት? እዚህ ላይ ሁሌም ዝም ትላላችሁ። በየመድረኩ ደንብ ይወራል፣ ሂሳቡን ግን ማንም አያነሳውም።

ሲሚንቶ፦
መንግሥት ይደጉም፣ ባለቤቱ የቻለውን ይጨምር። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ይቅደሙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንም አይችልም፣ ጃፓንም አልቻለችም።

ቀስተ ደመና፦
«ባለቤቱ የቻለውን»። ካልቻለስ?

ሲሚንቶ፦
ካልቻለ ቢያንስ የሚተኛበትን አንድ ክፍል ያጠናክር። በትንሽ ወጪ የሚሠራ ነገር ነው፣ ሙሉ ቤቱን ከማፍረስ ይሻላል።

ቀስተ ደመና፦
እና ልጆቹ ሌላ ክፍል ይተኙ?

ጎርናና፦
ኧረ በናትሽ! ሰውየው መፍትሄ ሲሰጥሽ ትሰነጥቂዋለሽ!

ቀስተ ደመና፦
መፍትሄው ቀድሞ የተሰነጠቀ ነው።

ማራናታ፦
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጃፓን ውስጥ ስልክ ይጮሃል አይደል፣ «ሊናወጥ ነው» ብሎ? እንግዲህ መተንበይ አይቻልም ስትሉ አልነበር?

ሲሚንቶ፦
ያ ትንበያ አይደለም። መንቀጥቀጡ ከጀመረ በኋላ ፈጣኑ ሞገድ ቀድሞ መሣሪያው ጋ ይደርሳል፣ አጥፊው ከኋላ ይመጣል። በመሃል ያለችው ሰከንዶች ናት። ባቡር ይቆማል፣ ሰው ጠረጴዛ ስር ይገባል። ከምንጩ አጠገብ ላለ ሰው ደግሞ እሷም አትደርስለትም።

ማራናታ፦
ሰከንዶች። ሰው ለመጸለይም ሰከንዶች ይበቁታል።

ሲሚንቶ፦
ይጸልይ፣ ጠረጴዛ ስር ሆኖ።

ሐረግ፦
ሄራት ላይ ጠረጴዛ የለም።

ዝም አልልም፦
እሺ አሁን ይሄ ሁሉ ከአንድ ቪዲዮ ነው የወጣው? እኔ እኮ ቪዲዮውን እስካሁን አላየሁትም፣ የሚልክልኝ አለ?

ጎርናና፦
እንዳትልኩለት!!

ሌሊት ወፍ፦
ልኬለታለሁ። ከስሩ ስለ ሃርፕም አለ።